ብሬስና የመንጋጋ ቀዶ ጥገና አብረው ሲሄዱ፦ ደረጃ በደረጃ

የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አልገጥም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚታሰረው ማስተካከያ ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። የተጣመሙት ጥርሶቹ ብቻ ከሆኑ ብሬስ ይበቃል። ጥርሶቹ የተተከሉበት አጥንት ራሱ ወደ ፊት ከገፋ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ወይም ወደ ጎን ካጋደለ ግን ነገሩ ይለያል። እድገቱን የጨረሰ መንጋጋ በሽቦ ተጎትቶ ቦታውን አይለቅም። እዚህ ላይ ሁለት ባለሙያ ያስፈልጋል። ጥርሱን የሚያስተካክለው ኦርቶዶንቲስት አንዱ ነው። ሌላው መንጋጋውን ቆርጦ የሚያዛውረው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ማክሲሎፋሻል ሲሉት ይሰማሉ።

ሙሉ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ የቀዶ ጥገናው ድርሻ ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ሽቦ፣ ላስቲክ፣ ቀጠሮና ትዕግሥት ነው። «እስቲ መጀመሪያ ብሬስ ላስር፣ ካልሆነ ያኔ ስለ ቀዶ ጥገና አስባለሁ» የሚለው አካሄድ ደግሞ በጣም ያከስራል። ለምን እንደሆነ ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንመጣበታለን።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የጥርስ ነው ወይስ የአጥንት?

እንጀራ በእጅ ስለሚቆረስ የፊት ጥርስ አለመግጠም እኛ ዘንድ ቶሎ አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው የበቆሎ እሸት ሲመጣ ነው። ሌላው ሲግጥ እርስዎ በጣት እየፈለፈሉ የሚበሉ ከሆነ፣ ሳምቡሳም በጎን ጥርስ የሚነክሱ ከሆነ፣ የፊት ጥርሶችዎ ላይገናኙ ይችላሉ።

መስታወት ፊት ይቁሙ። ምራቅ ዋጥ ያድርጉና የኋላ ጥርሶችዎን ቀስ ብለው ይግጠሙ። አሁን ከንፈርዎን በጣት ገለጥ አድርገው ይዩ። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከላይኞቹ ቀድመው ወጥተዋል? በመካከላቸው ክፍተት አለ? የአገጭዎ መሃል ከአፍንጫዎ መሃል ጋር አንድ መስመር ላይ ነው? ከንፈርዎ ሳይጨነቁ ይከደናል? ከዚያ ሰው ከጎን ፎቶ ያንሣዎት። ከፊት የማይታይ ብዙ ነገር ከጎን ይታያል። ጉንጭን ደጋግሞ መንከስ፣ ከባድ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥም ካሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ወደ ኋላ የቀረ መንጋጋ የአየር መንገድን ሊያጠብ ይችላል። መንጋጋን በቀዶ ጥገና ወደ ፊት ማምጣት የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥን ለማከምም ይሠራበታል።

ካርድዎ ላይ «ክላስ 2» ወይም «ክላስ 3» የሚል ይጻፋል። አከፋፈሉ የአሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው ዛሬም ይሠራበታል። ክላስ 2 የታችኛው ጥርስ ወደ ኋላ የቀረበት፣ ክላስ 3 ወደ ፊት የወጣበት ነው። አንግል የመደበው የጥርሱን አገጣጠም አይቶ ነው። ጥፋቱ የአጥንት ይሁን የጥርስ የሚለየው በራጅ ነው።

ዕድሜም ይወስናል። አጥንት እያደገ ሳለ ቀዶ ጥገና ቢሠራ እድገቱ ሥራውን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች እድገት እስኪቆም ይጠብቃሉ። ሴቶች በአብዛኛው ከ15 እስከ 16 ዓመት፣ ወንዶች ደግሞ 18 ዓመት አካባቢ ይጨርሳሉ። ወደ ፊት የሚገፋ የታችኛው መንጋጋ ግን እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ሊያድግ ይችላል። መቆሙን ለማወቅ በወራት ልዩነት የተነሡ የጎን ራጆች ይነጻጸራሉ። ልጅ ካለዎት ግን እስከዚያ አይጠብቁ። በ7 ዓመቱ ገደማ አንድ ጊዜ ኦርቶዶንቲስት ይየው። አጥንት እያደገ ሳለ እድገቱን መምራት የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ካለፈ አይመለስም።

ደረጃ 2፦ አንድ ሽቦ ሳይታሰር ሁለቱን ሐኪሞች ያገናኙ

ብሬስ ብቻውን ሲሠራና ከቀዶ ጥገና ጋር ሲሠራ ጥርስ የሚገፋው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋዎ ወደ ኋላ የቀረ ነው እንበል። ያለ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ኦርቶዶንቲስት ላይ ካሉት ጥርሶች ሁለቱን ሊያስነቅልና የፊት ጥርሶቹን ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል። አጥንቱ ባለበት ይቀራል፤ ጥርሱ ግን ጉድለቱን ይሸፍናል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና የፊትዎ ገጽታ ካልከበደዎት ይህ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ለቀዶ ጥገና የሚያዘጋጅ ኦርቶዶንቲስት ግን ጉድለቱን መሸፈኑን ትቶ ጥርሱን በራሱ አጥንት ላይ በቅጡ ያቆማል። አንዱን መንገድ ጀምረው መሃል ላይ ሐሳብ ቢቀይሩ ተስቦ የተዘጋውን ክፍተት እንደገና መክፈት ይመጣል። ጊዜውም ገንዘቡም እጥፍ ይሆናል፤ የጥርሱ ሥርም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱም ሐኪሞች ከመጀመሪያው ይዩዎት፤ በአንድ ዕቅድም ይስማሙ። ሙሉ መረጃ የሚባለው ይህ ነው፦ የፊትና የጥርስ ፎቶ፣ የጥርስ ልክ ወይም ስካን፣ ሁሉንም ጥርስ የሚያሳይ ፓኖራሚክ ራጅ፣ ከጎን የሚነሣ የጭንቅላት ራጅ፣ ሲያስፈልግም ሲቲ ስካን። የሁሉንም ኮፒ ለራስዎ ይያዙ።

ሐኪሞቹን እነዚህን ይጠይቋቸው። ብሬስ ብቻ ቢሆን ውጤቱ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚቆረጠው አንድ መንጋጋ ነው ወይስ ሁለቱም? ስንት ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል? ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠሩታል? የመጨረሻዋን ለመጠየቅ ብዙ ሰው ያፍራል። አይፈሩ፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይከፋም።

ደረጃ 3፦ የገንዘቡንና የመኖሪያውን ነገር ይጨርሱ

ኢትዮጵያ ውስጥ ወጪው በአብዛኛው ከኪስ ነው። ጠቅላላውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ብሬስ፣ ወርሃዊ ቀጠሮ፣ ራጅ፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ቀዶ ጥገና፣ የተቆረጠውን አጥንት የሚያስሩት ፕሌትና ብሎን፣ አልጋ፣ በመጨረሻም ሪቴይነር (ጥርሱ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ የሚይዘው) ሁሉም ይካተት። «ሌላው በኋላ ይታያል» ከተባሉ ያ ሌላው ስንት እንደሆነ ዛሬ ይወቁ። ለቀዶ ጥገናው ውጭ አገር ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ እዚያ ያለው ሐኪም ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት ዕቅዱን አይቶ ይስማማ። ብሬሱን አገር ቤት ጨርሰው ከሄዱ በኋላ «ጥርሱ እንዲህ አይደለም መሰናዳት የነበረበት» መባል በጣም ያማል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የጥርስ ኢንሹራንስና የሕክምና ኢንሹራንስ ለየብቻ ናቸው። ቀዶ ጥገናውን የሚሸፍነው፣ ከሸፈነ፣ የሕክምናው ነው። ለማኘክ፣ ለመናገር ወይም ለመተንፈስ መቸገርዎ በሐኪም መጻፍ አለበት። ፈቃዱ ቀድሞ ይጠየቅ። መጀመሪያ ቢከለከሉም ይግባኝ ይበሉ። ጀርመን ውስጥ የመንግሥት የጤና መድን ለአዋቂ ብሬስ አይከፍልም፤ ቀዶ ጥገና ጭምር ለሚያስፈልገው ከባድ የመንጋጋ ችግር ግን ይከፍላል። ይህም ዕቅዱ ሕክምናው ሳይጀመር ከጸደቀ ነው። እንግሊዝም ችግሩ ከባድ ከሆነ በመንግሥት ሆስፒታል ይሠራል። አረብ አገር በአጭር ኮንትራት የምትሠሩ ግን አስቡበት። የተጀመረ ብሬስ ይዞ አገር መቀየር ትልቅ ጣጣ ነው፤ የሌላ ሐኪም ሥራ መሃል ላይ መቀበል የሚወድ ሐኪም ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ አፍዎን ያዘጋጁ

የተቦረቦረ ጥርስ ይሞላ፣ የሚደማ ድድ ይታከም፣ ጥርስ ይታጠብ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ አድገው ጥርስዎ በውሃው ፍሎራይድ ቡናማ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። እንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ብሬስ በቀላሉ አይጣበቅም፤ ሐኪሙ ለየት ያለ ዝግጅት ያደርጋል። መፋቂያ የለመዱ ሰዎች መፋቂያውን መተው የለባቸውም፤ ግን ብሬስ ሥር አይገባላቸውም። ብሩሽና በጥርስ መሃል የምትገባዋ ትንሽ ብሩሽ ግድ ናቸው።

መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች አጥንቱ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናው ቢያንስ 6 ወር ሲቀረው ያስነቅሏቸዋል፤ አጥንቱ ሞልቶ እንዲጠብቅ። ሲጋራ አጥንት ቶሎ እንዳይጠግግ ያደርጋል። ማቆሚያው ጊዜ አሁን ነው።

ደረጃ 5፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው ብሬስ

ይህ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። በየ4 እስከ 8 ሳምንት ቀጠሮ አለ። ሰው የሚደነግጠውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥርሱ ሲገጥም ሳይሆን ሲርቅ ስለሚያይ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ሲወጣ ሰውነት በራሱ ለማካካስ ይሞክራል። የታችኛው የፊት ጥርስ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ የላይኛው ወደ ውጭ ያጋድላል። ለዚህ ነው ለምሳሌ የአጥንቱ ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርስ 3 ብቻ ሊታይ የሚችለው። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥርሶቹ እስኪገጥሙ ድረስ ነው። ጥርሶቹ እንደተኙ ከቀሩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሶ ያቆማል፤ ፊቱም መንጋጋውም በግማሽ ይቀራል። ብሬሱ ጥርሶቹን ቀጥ ሲያደርግ ግን እውነተኛው ልዩነት ይወጣል። አገጭ ይበልጥ የወጣ ይመስላል፣ ማኘክም ይከብዳል።

ይህን ለቤተሰብ ቀድመው ይንገሩ። ካልነገሩ በየበዓሉ «ይሄ ነገር ጭራሽ አልባሰም እንዴ?» የሚል አክስት አይጠፋም። እውነቷን ነው፣ ብሷል። መባስ አለበት። ተስፋ ቆርጠው ብሬሱን የሚያስፈቱት ሰዎች የሚያስፈቱት በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ ያላቸው ንክሻ ከመጀመሪያው የባሰ ስለሆነ ጉዳቱ የራሳቸው ይሆናል።

ሥራው ሲያልቅ ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ ይገባል። ላስቲክ የሚንጠለጠልባቸው ትናንሽ ሜንጦዎችም ይታሰራሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቀዶ ጥገናው ሊቀድም ይችላል። ጥርሱ ብዙም ላልተጣበበ ሰው ያዋጣል፤ ጊዜም ያሳጥራል። ስሌቱ ግን ከባድ ስለሆነ ልምድ ያላቸው ሁለት ሐኪሞች ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ዕቅዱና ፊርማው

ራጁም ስካኑም እንደገና ይነሣል። አሁን አብዛኛው ዕቅድ በኮምፒውተር ነው፤ ውጤቱም ስፕሊንት ይባላል። በላይና በታች ጥርስ መካከል የምትገባ ስስ ፕላስቲክ ናት፤ አዲሱ አገጣጠም የቱ ጋ እንደሆነ ለሐኪሙ ታሳየዋለች።

የሚቆረጠው የላይኛው ከሆነ «ለፎር አንድ» የሚል ስም ይሰማሉ። ሬኔ ለፎር ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የፊት አጥንት ሲመታ የት የት እንደሚሰነጠቅ አጥንቶ መስመሮቹን ጻፈ። የዛሬ ሐኪም ከእነዚያ መስመሮች በታችኛው፣ ከጥርስ ሥሮች በላይ ይቆርጣል። የታችኛው መንጋጋ አቆራረጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ትራውነርና ኦብቬገዘር የተባሉ ሐኪሞች ያሳተሙት ነው። አጥንቱ በግራም በቀኝም በቁመቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ እንደ ክብሪት ቀፎ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቢሄድ አጥንት ከአጥንት እንደተነካካ ስለሚቆይ ይጠግጋል።

ከመፈረምዎ በፊት ስለ ነርቭ በደንብ ይጠይቁ። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በዚያው በሚሰነጠቀው አጥንት ውስጥ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሰው ይደነዝዘዋል። በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ በተወሰኑ ሰዎች ላይ ግን ከፊሉ ለዘለቄታው ይቀራል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ ዕድል ይጨምራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ይናገራል፤ የሚጎድለው ስሜቱ ነው። መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ አጥንቱ በከፊል ወደ ነበረበት መመለስ፣ የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመምም አሉ። የላይኛው ሲንቀሳቀስ አፍንጫ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። እነዚህን ሁሉ ሳይነግርዎት «ቀላል ናት» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ደረጃ 7፦ ሆስፒታል

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይናገሩ፤ ደም የሚያቀጥኑትን በተለይ። የባህል መድኃኒትም ይቆጠራል። የጥፍር ቀለም ይልቀቅ፤ በጣት የኦክስጅን መጠን ይለካበታል። ከመቼ ጀምሮ እንደማይበሉና እንደማይጠጡ ሰዓቱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ማደንዘዣው ሙሉ ነው፤ የመተንፈሻው ቱቦ በአፍንጫ ይገባል። አንድ መንጋጋ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ሁለቱም ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የሚቆረጠው በአፍ ውስጥ ስለሆነ በአብዛኛው ፊት ላይ ጠባሳ አይኖርም። አጥንቱ በቲታኒየም ፕሌትና ብሎን ይታሰራል። ድሮ አፍ ለ6 ሳምንት ያህል በሽቦ ተከርችሞ ይከርም ነበር። አሁን አብዛኛው ሰው በላስቲክ ብቻ ይያዛል።

ሲነቁ አፍንጫዎ ደም ያዘለ ነው፣ ፊትዎም ያብጣል። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል። በረዶ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ነው። ትራስ ደራርበው ከፍ ብለው ይተኙ። እስክሪብቶና ወረቀት ወይም ስልክ አጠገብዎ ይሁን፤ መናገር ያታክታል። ጠያቂን በተመለከተ ጨከን ይበሉ። ከሳምንት በኋላ ይምጡ ይባሉ። ያበጠ ፊት ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ ከንፈር ሲመጥ ለማንም አይበጅም።

ደረጃ 8፦ ቤት ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት

ሕጉ አንድ ነው፤ አይታኘክም። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ በትልቅ ሲሪንጅ ወይም በኩባያ። ሐኪሙ ካልፈቀደ በስትሮ አይምጠጡ።

ደግነቱ ማጀታችን ለዚህ ዝግጁ ነው። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ የበሶ ጭማቂ፣ የአጥንት መረቅ፣ ተፈጭቶ የተጠለለ የምስር ሾርባ፣ በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ፣ ወተት፣ እርጎ፣ በወተት የቀጠነ አቮካዶ። ሙቅ ምግብ ለብ ይበል፤ የደነዘዘ ከንፈር መቃጠሉን አይነግርዎትም። በቀን 3 ጊዜ መብላት አይበቃም፤ 6 ወይም 7 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይሁን። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ኪሎ ይቀንሳሉ። አጥንት ለመጠገግ ፕሮቲን ይፈልጋል። ጁስ ብቻ እየጠጡ መክረም ትልቅ ጥፋት ነው።

ከተቻለ ቀጠሮው ከሁዳዴም ከረመዳንም ይራቅ። ካልተቻለ የታመመ ሰው በሁለቱም ሃይማኖት መብት አለው፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን ያማክሩ። ልጹም ካሉ የሱፍና የኦቾሎኒ ወተት፣ ተልባ፣ የአኩሪ አተር ወተትና ምስር በየቀኑ ይግቡ።

ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪሙ ሲፈቅድ በምላስ የሚዳጥ ነገር ይቀጥላል። ለስላሳ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሆናል። ጉርሻ ግን ይቅርብዎ፤ አፍዎ ለሌላ ሰው እጅ ገና አልተከፈተም። ቆሎ፣ ጥብስ፣ ቁርጥ፣ ደረቅ ዳቦና ጫት ቢያንስ ለ3 ወር አይታሰቡም። ኳስና ግፊያ ያለበት ስፖርትም እንዲሁ።

ንጽሕና ከምግቡ እኩል ነው። በልክ የሆነች የልጅ ብሩሽ ይግዙ። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በለብታ የጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፤ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ከታዘዘልዎ እንደታዘዘው ይጠቀሙ። የላይኛው መንጋጋ ከተሠራ ለ2 ሳምንት ያህል አይናፈጡ። ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን ይክፈቱ። አፍዎ በላስቲክ ከተያዘ ትንሽ መቀስ ሁልጊዜ አጠገብዎ ይኑር። ቢያስመልስዎት የትኛው እንደሚቆረጥ ከሆስፒታል ሳይወጡ ያሳዩዎት። አብሮዎት የሚያድር ሰውም ይወቅ።

የማይቆም ትኩስ ደም፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ እንደገና የሚጨምር እብጠት ወይም ድንገት የተቀየረ አገጣጠም ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። መተንፈስ ካቃተዎት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ብዙ ሰው ይከፋዋል። ርቦታል፣ እንቅልፍ የለውም፣ መስታወት ውስጥ ያለውን ሰው አያውቀውም። «ምን ነካኝ» የሚለው ሐሳብ ይመጣል። እብጠቱ ሳይወርድ በውጤቱ ላይ አይፍረዱ። አብዛኛው በወር ውስጥ ይሄዳል፤ የቀረው ግን እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው ብሬስ

ከቀዶ ጥገናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ወደ ኦርቶዶንቲስቱ ይመለሳሉ። ጥርሶቹ በትክክል እንዲቀመጡ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ያህል ይሠራባቸዋል። ላስቲኩን በተባሉት ሰዓት ልክ ያድርጉ። ፊቱ አማረ ብሎ ቀጠሮ የሚተው ሰው አለ፤ ያ ሰው የሁለት ዓመት ልፋቱን ላስቲክ ባለማድረግ ያጣል። አፍ የመክፈት ልምምድም ሲፈቀድ ይጀመራል። ሦስት ጣት ቁመት መግባት ሲችል ጥሩ ደርሷል።

ብሬሱ ሲፈታ ሪቴይነር ይመጣል። መጀመሪያ ሌትም ቀንም፣ በኋላ ሌሊት ብቻ ነው፤ ሌሊቱ ግን ለዓመታት ይቀጥላል። ፕሌቱና ብሎኑ ካላስቸገሩ እዚያው ይቀራሉ። ኤም አር አይ ለመነሣትም አብዛኛውን ጊዜ አያግዱም፤ ለባለሙያው ግን ይንገሩት። የቀዶ ጥገናውን ሪፖርትና የመጨረሻውን ራጅ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ጥርስ የሚነቅልልዎ ሐኪም ያንን ይጠይቃል።